ፒክአፓችሁ በእርግጥ ስንት ኩንታል ይችላል? ከመጫናችሁና ጀልባ ከመጎተታችሁ በፊት ክብደት የማነጻጸሪያ መመሪያ

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። 15 ኩንታል ጭናችሁ ከተማውን ብትዞሩ ፒክአፑ ምንም አይልም። ቻለ ማለት ግን አይደለም። እውነቱ የሚወጣው ከአዲስ ዘመን ወዲያ ዳገቱ ላይ፣ ደጀን ቁልቁለት ላይ፣ ወይም ጀልባ የተጫነ ተሳቢ ከጣና ዳር ጭቃ ስትጎትቱ ነው። ያኔ ደግሞ ጭነት ለመቀነስ ጊዜው አልፏል።

ይህን የምጽፈው ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ስለሚሳሳት ነው። «ባለ አንድ ቶን ነው፣ አስር ኩንታል ይችላል» ይባልና ይጫናል። ወይም ማስታወቂያ ላይ «3,500 ኪሎ ይጎትታል» የሚል ይነበብና ተሳቢ ይገዛል። ሁለቱም ቁጥሮች ውሸት አይደሉም። የእናንተ መኪና ቁጥሮች ግን አይደሉም።

ከመጀመራችሁ በፊት የምትይዙት

ሊብሬ፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ሜትር፣ የጎማ ነፋስ መለኪያ። ተሳቢ ካላችሁ ደግሞ የሰው መመዘኛ ሚዛን፣ አንድ ጠንካራ ጣውላና ጥቂት ብሎኬት ጨምሩ። ግማሽ ቀን መድቡለት። ገበያ ቀን አትሞክሩት፤ ሚዛን ቤት ወረፋ ላይ ትውላላችሁ።

ደረጃ 1፦ ሰሌዳውን አንብቡ

የሾፌሩን በር ክፈቱ። በሩ ጠርዝ ወይም ምሰሶው ላይ ተለጣፊ ወረቀት ወይም ቆርቆሮ አለ። አንዳንዱ መኪና ላይ ኮፈኑ ሥር ነው። ከሰሌዳውና ከመመሪያ መጽሐፉ አራት ነገር ጻፉ፦

1. የተፈቀደ ሙሉ ክብደት። መኪናው ራሱ፣ ነዳጁ፣ ሰዉ፣ ጭነቱ እና ተሳቢው መጎተቻው ላይ የሚጥለው ጫና ሁሉ ተደምሮ ከዚህ ማለፍ የለበትም።
2. የፊትና የኋላ አክስል ገደብ፣ ለየብቻ።
3. የጥምር ክብደት ገደብ። ጎታችና ተሳቢ አንድ ላይ።
4. የተሳቢ ገደብ፣ ፍሬን ላለውና ለሌለው።

ሰሌዳው በፓውንድ ከተጻፈ ለ2.2 አካፍሉ፤ ኪሎ ይሰጣችኋል።

ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶበት ወይም ተነቅሎ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ የዚያኑ ሞዴል መጽሐፍ ፈልጉ። «የጎረቤቴም ያው ነው» አይሠራም። ነጠላ ጋቢናና ደብል ጋቢና፣ ባለ ሁለትና ባለ አራት ጎማ ጎታች፣ መልካቸው አንድ ሆኖ አቅማቸው ይለያያል። ሊብሬውና ሰሌዳው ካልተስማሙ በትንሹ ቁጥር ሥሩ፤ ልዩነቱን ደግሞ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ አስተካክሉ።

ደረጃ 2፦ መኪናው የየትኛው ክፍል እንደሆነ ለዩ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። «ባለ አንድ ቶን» የሚለው ስም ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ መኪኖችን ይጠራል።

በእኛ አገር አንድ ቶን የሚባሉት ሃይሉክስ፣ ዲማክስ፣ ኤል 200፣ ሬንጀርና መሰሎቻቸው ናቸው። የተፈቀደ ሙሉ ክብደታቸው በአብዛኛው ከ2,800 እስከ 3,250 ኪሎ ውስጥ ነው። ስሙ የመጣው ጭነታቸው ወደ አንድ ቶን ስለሚጠጋ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ግን አንድ ቶን የሚባለው እንደ ፎርድ ኤፍ-350 እና ራም 3500 ያለው ግዙፍ ፒክአፕ ነው። የዚህ መኪና ሙሉ ክብደት ከአራት ቶን ተኩል ያልፋል፤ ኋላው ባለ አራት ጎማ ከሆነ እስከ 6,350 ኪሎ ይደርሳል። ስሙ የድሮ ልማድ ነው፤ ዛሬ የሚጭነው ከአንድ ቶን በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ «አንድ ቶን ፒክአፕ ይህን ያህል ጎተተ» የሚል ቪዲዮ አይታችሁ በሃይሉክስ አትሞክሩ።

አሜሪካኖቹ መኪናን በሙሉ ክብደት እንዲህ ይመድባሉ፦

- 1ኛ ክፍል፦ እስከ 2,722 ኪሎ
- 2ኛ ክፍል፦ እስከ 4,536 ኪሎ። ይህ በሁለት ይከፈላል። እስከ 3,856 ኪሎ ያለው ቀላሉ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እንደ ኤፍ-250 እና ራም 2500 ያለው ነው፤ «ከባድ ፒክአፕ» የሚባለው ከዚህ ይጀምራል።
- 3ኛ ክፍል፦ እስከ 6,350 ኪሎ
- 4ኛ ክፍል፦ እስከ 7,257 ኪሎ
- 5ኛ ክፍል፦ እስከ 8,845 ኪሎ

በዚህ ሚዛን የእኛ ሃይሉክስ በአብዛኛው 2ኛው ውስጥ፣ በቀላሉ ወገን ነው። ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ወደ 3.3 እና 3.5 ቶን ስለሚጠጋ እሱም እዚያው ይወድቃል። ወፍራም መልኩ አያታልላችሁ። ኤፍኤስአር ከዚህ ሁሉ ያልፋል፤ 10 ቶንን ይሻገራል።

ክፍሉ ግን ጎረቤቱን ይነግራችኋል እንጂ ቤቱን አይነግራችሁም። ኤፍ-250 እና ኤፍ-350 ለምዝገባ እንዲመች ተብሎ ሆን ተብሎ ዝቅ ባለ የ10,000 ፓውንድ ሰሌዳ የሚሸጡበት ጊዜ አለ። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ከቤንዚኑ ይከብዳል፤ ክብደቱን የሚበላው ከእናንተ ጭነት ላይ ነው። ስለዚህ የበለጠ የሚጎትተው መኪና ካሶኒው ላይ ያነሰ ሊጭን ይችላል። ከውጭ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ካለ መጀመሪያ የበሩን ሰሌዳ ፎቶ አስልኩ። የመኪናው ፎቶ ኋላ ይደርሳል።

ደረጃ 3፦ ምድር ሚዛን ላይ አውጡት

ታንኩን ሙሉ። ሁልጊዜ የምትይዙትን ሁሉ ያዙ፦ ተቀያሪ ጎማ፣ ክሪክ፣ የዕቃ ሳጥን፣ ገመድ፣ ሸራ። ሾፌሩ ይውረድ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል መዝኑ፦

1. የፊት ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጡ። ጻፉ።
2. መኪናውን በሙሉ አውጡ። ጻፉ።
3. የኋላዎቹን ብቻ አስቀሩ። ጻፉ።

አንደኛውና ሦስተኛው ሲደመሩ ሁለተኛውን መምሰል አለባቸው። ብዙ ከተለያዩ መኪናው ዘንበል ብሎ ቆሟል ማለት ነው፤ ድገሙት። ሚዛን ቤቱ የሚመዝነው በ10 ወይም በ20 ኪሎ እርከን ስለሆነ ትንሽ ልዩነት አያስጨንቃችሁ።

ደረጃ 4፦ ቀንሱ

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ሰሌዳው 3,000 ኪሎ ይላል እንበል። መጽሐፉ ባዶ ክብደቱን 2,050 ይለዋል። «ወደ 950 ቀረልኝ፣ አስር ኩንታል ያህል ነው» ትላላችሁ። ምድር ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን 2,190 ሆነ። የፊት መከላከያ ብረቱ፣ ፖርቶመጋላው፣ የዕቃ ሳጥኑ እና ሙሉው ታንክ መጽሐፉ ላይ የሉም።

3,000 ሲቀነስ 2,190፣ 810 ቀረ። ሾፌርና ሁለት ሰው፣ በ70 ኪሎ ሒሳብ 210። የቀረው 600 ኪሎ ነው። አስር ኩንታሉ ስድስት ሆነ።

ይህን ቁጥር ጋቢናው ውስጥ ለጥፉት። እኔ የፀሐይ መከላከያው ጀርባ ላይ ለጥፌዋለሁ። ደላላ ሲያጣድፈኝ ገልብጬ አሳየዋለሁ።

ደረጃ 5፦ የጭነቱን እውነተኛ ክብደት እወቁ

ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ጆንያ ግን ኩንታል አይደለም።

አንድ ጊዜ ወረታ ላይ ሽንኩርት ጫንኩ። ስምንት ጆንያ፣ «ስምንት ኩንታል» ተባልኩ። መሸ። ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ መብራት ያበራብኛል። ረጅሙን የረሳሁ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ነካካሁት፤ አጭሩ ላይ ነው ያለው። ኋላዬ ወርዶ አፍንጫዬ ወደ ሰማይ ቀና ስላለ አጭሩ መብራት ሰው ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። መሪው ደግሞ ቅቤ ሆኗል፤ «ዛሬ መንገዱ ጥሩ ነው» ብዬ ደስ ብሎኛል። ሐሙሲት ሳልደርስ አንድ ጉድጓድ ላይ «ጧ!» አለ። ዋናው ባሌስትራ። በማግሥቱ አንዱን ጆንያ ሳስመዝን 126 ኪሎ ወጣ። ስምንቱ ከአንድ ቶን አልፈዋል። የእኔ ፒክአፕ የቀረው 600 ነበር።

ስለዚህ አንድ ጆንያ መዝኑና አባዙ። ለሌላው እነዚህን ያዙ፦

- ሲሚንቶ፦ ከረጢቱ 50 ኪሎ።
- ውሃ፦ ሊትሩ አንድ ኪሎ። የ1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ነው፣ የራሱን የሮቶውን ሳይጨምር። ግማሽ የተሞላው ደግሞ ይብሳል፤ ኩርባ ላይ ውሃው ወዲያና ወዲህ እየተላጋ መኪናውን ይጎትተዋል። ወይ ሙሉ፣ ወይ ባዶ።
- ደረቅ አሸዋ፦ አንድ ሜትር ኩብ ወደ 1,600 ኪሎ። ከወንዝ የወጣ እርጥብ ከዚያ ይበልጣል።
- ፌሮ፦ ባለ 12 ሚሊ፣ 12 ሜትሩ ወደ 10.7 ኪሎ። ባለ 16ቱ ወደ 19።

አሸዋ ላይ ቆም በሉ። የደብል ጋቢና ካሶኒ ርዝመቱ 1.5፣ ስፋቱ 1.5፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ቢሆን አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። እስከ አፉ ደረቅ አሸዋ ከሞላችሁት 1.6 ቶን ጭናችኋል። ካሶኒው ስለያዘ መኪናው ቻለ ማለት አይደለም።

ከባዱን ነገር ከኋላው አክስል ፊት፣ ወደ ጋቢናው አስጠግታችሁ ጫኑ። ከአክስሉ ኋላ የተጫነ ሁሉ የፊቱን ጎማ ከመሬት ያነሳዋል። መሪ ሲቀልላችሁ አትደሰቱ።

ደረጃ 6፦ ተሳቢውን አስሉ

ማስታወቂያ ላይ ያለው የመጎተት ቁጥር የሚሠራው መኪናው ባዶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ምሳሌ፦ ጥምር ገደቡ 5,500፣ የተሳቢ ገደቡ 3,200 ነው እንበል። መኪናውን እስከ 3,000 ከሞላችሁት ለተሳቢው የሚቀረው 2,500 ነው። ሁልጊዜ ትንሹ ቁጥር ይገዛል።

ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው የአብዛኞቹ ፒክአፖች ገደብ 750 ኪሎ ነው። እዚህ የሚበየደው ተሳቢ ብዙው ፍሬን የለውም። ጀልባ፣ ከ70 ኪሎ በላይ የሚመዝን የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ነዳጅና የተሳቢው ብረት ሲደመሩ 750ን ለማለፍ ሩቅ አይደለም። በያጁን «ፍሬን ያለው አክስል» ብላችሁ እዘዙ። ዋጋው ይጨምራል። ይጨምር።

አሁን የመጎተቻው ጫና። ተሳቢው በሚታሰርበት የመጎተቻ ኳስ ላይ የሚጥለው ክብደት ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን። ኋላ አክስሉ ላይ፣ ካሶኒው ውስጥ የሚታሰረው የአሜሪካኖቹ ከባድ ተሳቢ ከ15 እስከ 25 ይፈልጋል። እንዲህ ለኩት፦

1. ተሳቢውን እንደምትጓዙበት ጫኑ፣ ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፣ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አድርጉ።
2. የሰው ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጡ። 90 ሳንቲ ርቀት ላይ ሚዛኑን የሚያህል ከፍታ ያለው ብሎኬት አኑሩ። ጣውላውን ሁለቱ ላይ አጋድሙና ሚዛኑ ያሳየውን ጻፉ።
3. የተሳቢውን ምላስ (ኳሱ ላይ የሚታሰረውን የፊት ጫፍ) ከብሎኬቱ 30፣ ከሚዛኑ 60 ሳንቲ ላይ አሳርፉ። ምላሱ መኪና ላይ ሲታሰር በሚኖረው ከፍታ ይሁን፤ ከሥሩ እንጨት ደርድሩ።
4. ሚዛኑ ካሳየው የጣውላውን ቀንሱ፣ በ3 አባዙ።

ከ10 በመቶ ካነሰ ጭነቱን ወደ ፊት ግፉ። ጀልባ ከሆነ የነዳጅ ጀሪካኑንና መልህቁን ወደ ፊት አምጡ፤ ካልበቃ ጀልባውን ራሱን ተሳቢው ላይ ወደ ፊት ሳቡ። ከ15 ካለፈ ወደ ኋላ።

ይህ ጫና ከደረጃ 4 ቁጥር ላይ ይቀነሳል። ተሳቢው 1,800 ከሆነ 180 ኪሎ ኳሱ ላይ አለ። ከ600 የቀረላችሁ 420 ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ጎማና ፍሬን

ጎማ ስትገዙ ልኩን ብቻ አትዩ። ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚሸከመውን ይነግራችኋል። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ፣ 116 ማለት 1,250፣ 121 ማለት 1,450። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ተደምረው ከኋላ አክስል ገደብ መብለጥ አለባቸው። ነፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል፣ ሰሌዳው ለጭነት በሚለው ልክ ሙሉ። ጎሚስታው በግምት ሲሞላ ዝም አትበሉ።

ተጨማሪ ባሌስትራ ማስገባት የተለመደ ነው። ኋላውን ቀና ያደርገዋል። የፍሬኑን፣ የአክስሉንና የሻንሲውን አቅም ግን አይጨምርም፤ ሰሌዳውም አይቀየርም። እንዲያውም ከልክ በላይ መጫናችሁን ይደብቅባችኋል።

ደረጃ 8፦ ሩቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሞክሩ

ጫኑ፣ ወደ ሚዛኑ ተመለሱ፣ አክስሎቹን ለየብቻ መዝኑ። ከዚያ ወደ በዛዊት የሚያወጣውን ዳገት ውጡና ውረዱ። ስትወርዱ በማርሽ ያዙት። ታች ስትደርሱ የተቃጠለ ፍሬን ሸራ ከሸተታችሁ ጭነት ቀንሱ።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። እዚህ ቆሞ እንኳ ወደ 18 በመቶ ጎድሎታል ማለት ነው። ቱርቦ የሌለው የድሮ ላንድክሩዘር ላይ ይህ በደንብ ይታወቃል። ዳገት ላይ ፍሪሲዮን እየያዛችሁ አታባብሉት፤ በከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ቀስ ብሎ ይውጣ።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ባጃጅ አለ። ሳያስቡት ፊታችሁ ይገባል። ከኋላ ሁለት ቶን ሲገፋችሁ መቆሚያ ርቀታችሁ እንደ ባዶ መኪና አይደለም።

መንገድ ላይ ሲበላሽ

*ተሳቢው ግራ ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ።* ፍሬን አትርገጡ። መሪ አታዟዙሩ፤ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ነዳጁን ልቀቁና ራሱ ይቀንስ። ሲረጋ ቁሙ፣ ጭነቱን ወደ ፊት አምጡ። እኔ በተሳቢ ከ70 አላልፍም።

*ቁልቁለት ላይ የፍሬን ፔዳል ለስለስ አለ።* ግሏል። ወደ ዝቅተኛ ማርሽ አውርዱ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርጉ፣ ሰፊ ቦታ ስታገኙ ቁሙ። የጋለ ቸርኬ ላይ ውሃ አትድፉ፤ ይሰነጠቃል። ወደ አዲስ አበባ የምትወርዱ ከሆነ ማርሽ የምትቀንሱት ደጀን ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። የዓባይ በረሃ መሀል ላይ ማርሽ አይፈለግም።

*የሞተር ሙቀት ወጣ።* አየር ማቀዝቀዣውን አጥፉ፣ ቁሙ፣ ሞተሩን በባዶ ማርሽ ጥቂት አሠሩት። መርፌው ካልወረደ አጥፉት። ራዲያተር ክዳን በጋለበት አትክፈቱ።

*ባሌስትራ ተሰበረ።* ግማሹን ጭነት አውርዱ። ሌላ መኪና ይጠራ። «ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» የሚል ሰው አክስሉን ያንሸራትታል።

ጀልባ ከጣና ሲወጣ

1. ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ወዲያው ተሳቢውን ውሃ ውስጥ አታስገቡ። የጎማው እምብርት ግሏል፤ በድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃ ወደ ኩሽኔታው ይስባል። እጃችሁ ሲነካው እስኪችል ጠብቁ።
2. መውረጃውን በእግራችሁ ሂዱበት። ጫማችሁ ከሰጠመ ጎማም ይሰጥማል። ደንገሉ ሥር ያለው ጥቁር ጭቃ ከላይ ደርቆ ከታች ገንፎ ነው።
3. ባለ አራት ጎማ ጎታች ከሆነ ከመውረዳችሁ በፊት ከባዱን (የአራት ጎማውን ዝቅተኛ) ማርሽ አስገቡ። ከሰጠማችሁ በኋላ አይደለም።
4. ከመኪናው ኋላ ማንም አይቁም። ገመድ ሲበጠስ እግር ይቆርጣል።
5. ጎማው ባዶውን ከዞረ ነዳጅ አትጨምሩ፤ ጉድጓድ እየቆፈራችሁ ነው። ታኮ አድርጉ፣ ተሳቢውን ፍቱት፣ መኪናውን ብቻ ደረቅ መሬት ላይ አውጡ። ከዚያ ተሳቢውን በረጅም ገመድ ሳቡት።
6. እምቦጩን ከተሳቢውና ከጀልባው ላይ እዚያው አራግፉ። ወደ ሌላ ውሃ ይዛችሁት አትሂዱ። ደግሞም ውሃ የጠጣ እምቦጭ ራሱ ጭነት ነው።
7. የጀልባውን ወለል ውሃ አስወጡ። ቡሽ የሚያህለውን የታችኛውን መክፈቻ ንቀሉና ቀና መሬት ላይ እስኪፈስ ቁሙ። ጀልባው ውስጥ 100 ሊትር ውሃ ቀርቶ ከሆነ አንድ ኩንታል ሳታስቡት ጨምራችኋል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ሁሉም ወደ ኋላ ይሄድና መጎተቻው ላይ ያለውን ጫና ያጠፋዋል።
8. የፍሬቻና የፍሬን መብራቱን ሶኬት ከውሃ ከወጣ በኋላ አድርቃችሁ ሰኩ፣ አንድ ሰው ኋላ ቆሞ ይይላችሁ።